መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ አውሩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ወይን ጠጅ ቅምሻ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጓደኛሞች ተሰብስበው፣ ጠርሙሶቹን ሸፍነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ስለሚቀምሱበት ምሽት ነው የሚያወራው። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ይህንኑ ማድረግ ከጀመርን ቆየን። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን ቆም አልኩ። እየቀመሳችሁ ተወያዩ፣ የተሰማችሁን ወዲያው ተናገሩ፣ ምሽቱ የሚደምቀው ያኔ ነው ይላል ምክራችሁ። ይህ ምክር ልክ አይደለም። ምሽቱን የሚያበላሸው እሱ ነው። እንዲሁ ለመንቀፍ አይደለም የምለው፣ በእኛ ላይ ስለደረሰ ነው።

የመጀመሪያ ምሽታችንን ልንገራችሁ። ሰባት ሆነን ተቀመጥን። ስድስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ነበር። ጠርሙሱን ካልሲ ካለበስነው ሌላው ነገር ራሱ ይስተካከላል ብለን ነበር የተነሳነው። ካልሲው ግን ጽሑፉን ነው የሚሸፍነው፣ ቅርጹን አይሸፍንም። ቦርዶና ቡርጎኝ የፈረንሳይ የወይን አካባቢዎች ናቸው፤ ትከሻው ቀጥ ያለ የቦርዶ ጠርሙስና ትከሻው ዘመም ብሎ የሚወርደው የቡርጎኝ ጠርሙስ ካልሲ ውስጥ ሆነውም ይለያሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ገና ሳይቀምስ የመልሱን ግማሽ ይዟል። ክብደቱም ያሳብቃል። አንዱ ጓደኛችን ሦስተኛውን ጠርሙስ ሊቀዳ ሲያነሳ "ኧረ ይሄ ደግሞ ይከብዳል!" አለ። በቃ። ከባድ ጠርሙስ ደህና ወይን ነው የሚለው ሐሳብ ሁላችንም ውስጥ ገባ፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

ይሄ ግን ትንሹ ነው። ወይኑ ተቀዳ። ከመካከላችን ስለ ወይን ብዙ የሚያነብ፣ ድምፁም ጎላ ያለ አንድ ወዳጃችን አለ። ክፋት የለበትም፤ ሲደሰት ዝም ማለት አይሆንለትም። ብርጭቆውን አንዴ ዞር ዞር አደረገው፣ አፍንጫውን አስገባና "ቁንዶ በርበሬ!" አለ። "ጥርት ያለ ቁንዶ በርበሬ ነው፣ እስቲ አሽትቱት!" እኛም አሸተትን። ራሳችንን ነቀነቅን። ማታ ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ በሰባቱም ላይ፣ ቁጥር 3 አጠገብ፣ ቁንዶ በርበሬ የሚል ተጽፏል። እንዴት ተስማማን ብለን እንደ ድል ቆጠርነው። እኔማ ወረቀቶቹን አስቀምጫቸው ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስለዚሁ ሽታ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሺራዝ በሚባለው ቀይ ወይን ውስጥ (የእኛ ቁጥር 3ም ሺራዝ ነበር) የቁንዶ በርበሬ ሽታ የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ለይተው አውጥተዋል። ሮተንዶን ይባላል፣ ቁንዶ በርበሬው ራሱ ውስጥም ያለው እሱው ነው። ሌላም ነገር አግኝተዋል። ከፈተኗቸው ሰዎች 20 በመቶ ያህሉ መጠኑ ከፍ ሲደረግላቸው እንኳን ምንም አልሸተታቸውም። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የእኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ሰባቱም ሸቶናል ብለናል። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል፣ ሰባታችንም የሚሸተን ሰዎች ልንሆን እንችላለን። ደግሞም ላንሆን እንችላለን።

ይህን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ከሁላችንም ዝምተኛዋ፣ ስንጫወት ብዙ የማትናገር ጓደኛችን፣ "እኔ ምንም አልሸተተኝም ነበር" አለች። "ታዲያ ለምን ጻፍሽው?" አልኳት። "ሁላችሁም ሸተተን ስትሉ አፍንጫዬ የተዘጋ መስሎኝ ነው። አልሸተተኝም ብል ደግሞ ምሽቱን የማበላሽባችሁ መሰለኝ።"

ይህቺ መልስ ልቤን ነካችው። ምሽቱን ያዘጋጀነው እያንዳንዳችን ምን እንደሚሰማን ለማወቅ ነው። እኛ ግን አንድ ሰው የተሰማውን ሰባት ጊዜ ጽፈን ተለያየን። ጠርሙሱን መሸፈናችን ስሙ ተጽዕኖ እንዳያደርግብን ነበር። ስሙ ተሸፈነ፣ የሰው ድምፅ ግን ሳይሸፈን ቀረ፤ ወዳጅህ በሙሉ ልብ ሲናገር ደግሞ ጠርሙስ ላይ ከተለጠፈ ከየትኛውም ወረቀት ይበልጥ ያሳምንሃል።

ሁለተኛውን ምሽት በሌላ መንገድ አዘጋጀነው። አንዱ ጓደኛችን ያን ቀን እኔ አልቀምስም፣ እቀዳለሁ አለ። ሌላ ክፍል ገባ። ጠርሙሶቹን ማናችንም አላየንም፤ ያየነው ቁጥር የተለጠፈባቸውን ብርጭቆዎች ብቻ ነው። ትሪውን እያስቀመጠ ወዲያው ይመለሳል፣ አብሮን አይቆምም። ይህን የወሰነው ራሱ ነው፤ "የማውቀው እኔ ነኝ፣ ፊቴ ያሳብቅብኛል" ብሎ። እውነቱን ነው። የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ከቆመ ብርጭቆ ስታነሳ ዓይኑን ታያለህ።

የቀረነው ስድስት ነን። ለእያንዳንዳችን ስድስት ብርጭቆ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ። ትንሽ ትመስላለች። ግን ስድስቱን ሙሉ በሙሉ የጠጣ ሰው 300 ሚሊ ሊትር ጠጣ ማለት ነው፣ የአንድ ባለ 750 ጠርሙስ 40 በመቶ። ያን ያህል የጠጣ ምላስ መጨረሻ ላይ የሚሰጠውን ነጥብ አላምነውም። ስለዚህ ለየሰው መትፊያ ዕቃ አስቀመጥን። መጀመሪያ ያሳፍራል። በሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ማንም አላስታወሰውም። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ቢተፋም ባይተፋም አይነዳም፣ ይህን አስቀድመን ነው የተነጋገርነው።

ሽቶ ተቀብቶ መምጣት አይቻልም ተባለ። ብርጭቆዎቹ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ቀይ ወይኖቹ 16 ወይም 17 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆኑ ተደረገ፤ ወይን ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣና ሌላውን ሽታ ይሸፍነዋል። ዋናው ሕግ ግን አንድ ነበር። የመጨረሻው ሰው እስክሪብቶውን እስኪያስቀምጥ ማንም አይናገርም። "እም" ማለትም አይፈቀድም። ቅንድብ ማንሳትም አይፈቀድም። እያንዳንዱ ሰው የሸተተውን፣ የቀመሰውን፣ ከ20 ስንት እንደሚሰጠው ይጽፋል። ምንም ካልሸተተው "ምንም" ብሎ ይጽፋል። ይህችን የመጨረሻዋን ያስገባናት ለዚያች ጓደኛችን ብለን ነው።

ድምፁ ጎላ ያለው ወዳጃችን ተቸገረ። ከንፈሩን ነክሶ ነው የተቀመጠው። ግን ቃሉን ጠበቀ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ወረቀቶቹ ሲገለጡ የሆነውን ብታዩ። የቀዳልን ጓደኛችን በመጀመሪያው ምሽት ቁጥር 3 የነበረውን ያንኑ ሺራዝ አሁን በቁጥር 4 አስገብቶት ነበር። ቁንዶ በርበሬ ብለው የጻፉት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የጻፈው የጭስ ሽታ ነው። አንዱ የበሰለ እንጆሪ። ዝምተኛዋ ጓደኛችን ደግሞ "ሽታው ደካማ፣ አፍ ላይ ግን ያደርቃል" ብላለች። ያው ወይን ነው! ባለፈው ጊዜ ሰባት ሰው በአንድ ቃል የገለጸው።

ሌላም ነገር ነበር። ወይኖቹ አምስት ናቸው፣ ብርጭቆዎቹ ግን ስድስት። ቁጥር 2 እና ቁጥር 6 ከአንድ ጠርሙስ የተቀዱ ናቸው፤ ይህን የሚያውቀው ቀጂው ብቻ ነበር። ከስድስታችን ለሁለቱ የተቀራረበ ነጥብ የሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። እኔ ለአንዱ 11፣ ለሌላው 16 ሰጥቻለሁ። በሐቀኝነት ነው የሰጠሁት። ቁጥር 2ን የቀመስኩት በጣም ለስላሳ ከሆነ ወይን ቀጥሎ ነው፣ ጎመዘዘኝ። ቁጥር 6ን የቀመስኩት ደግሞ አሁን ከምነግራችሁ ከቁጥር 5 ቀጥሎ ነው፣ ሕይወት ያለው ወይን መሰለኝ።

እንዲህ የሚሆነው በእኛ ላይ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ አየሁ። ሮበርት ሆጅሰን የሚባል የወይን መጥመቂያ የነበረው ጡረታ የወጣ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ስቴት ፌር የወይን ውድድር ላይ ይህንኑ ሠርቶታል። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ለዳኞቹ ሳያውቁ ሦስት ጊዜ ይሰጣቸው ነበር። ነጥባቸው ሳይዋዥቅ የጸናው ከአሥር ዳኞች የአንዱ ያህል ብቻ ነው። እነዚህ ሥራቸው ይህ የሆነ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ "በቃ ወይን ሁሉ አንድ ነው፣ ዳኝነቱ ማጭበርበሪያ ነው" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያው ወይን ከሌላ ወይን ቀጥሎ ሌላ ይመስላል፣ ምላስም ይደክማል። ስለዚህ አንድ ወይን ላይ ከመፍረድህ በፊት ሁለቴ፣ በተለያየ ተራ፣ መቅመስ አለብህ።

አሁን ወደ ቁጥር 5 ልምጣ። ለእኔ የዚያ ምሽት ልብ እሱ ነው።

አራት ሰዎች ስለ ቁጥር 5 የጻፉት ተመሳሳይ ነው፤ "ደካማ"፣ "ምንም አይልም"፣ እንዲህ ያለ። ድምፁ ጎላ ያለው ወዳጃችን 14 ሰጥቶታል፣ አጠገቡም "የቆየ፣ የበሰለ ወይን፣ ምድር ቤት ምድር ቤት ይላል" ብሎ ጽፏል። ዝምተኛዋ ጓደኛችን 4 ነው የሰጠችው። ከ20፣ 4። ከሥር በትንንሽ ፊደል "እርጥብ ካርቶን። ዝናብ የመታው ካርቶን" ብላ ጽፋለች።

ቀጂው ይህን ሲያነብ ዝም አለ። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወይን ሁለት ጠርሙስ ነበረው፤ ሁለተኛውን ከፍቶ ቀዳና ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጠው። አሸተትን። ሌላ ወይን ነበር የሚመስለው። አዲሱ ፍሬ ፍሬ ይሸታል፣ ሕይወት አለው። የመጀመሪያው ግን አሁን ጎን ለጎን ሲሆን ያለ ምንም ጥርጥር የረጠበ ካርቶን ነው። ወይኑ በቡሹ ተበላሽቶ ነበር። ቡሽ ውስጥ የሚፈጠር ቲ.ሲ.ኤ. የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም (የግራም ቢሊዮንኛ) ብቻ ቢገኝ ይበቃል። ጤና አይጎዳም፣ ግን የፍሬውን ሽታ ያጠፋዋል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን የእርጥብ ካርቶን ሽታ ያመጣል። የሰው አፍንጫ ለዚህ ነገር እኩል አይደለም። አንዱ ከሩቅ ያውቀዋል፣ ሌላው ጠርሙሱን ጨርሶም አያውቀውም፤ "ይህ ወይን አይመቸኝም" ብሎ ሁለተኛ አይነካውም።

ቁንዶ በርበሬ ያልሸተታት ሴት ከሁላችንም ቀድማ ቲ.ሲ.ኤ.ን አወቀች። ወዳጃችን ሁለቱን ብርጭቆዎች ደጋግሞ አሸተታቸውና "ትክክል ነሽ" አላት። "እኔ ይህን ሽታ ነው የቆየ ወይን ያልኩት።"

እስቲ አስቡት። በእናንተ ምክር ሄደን ቢሆን ኖሮ ቁጥር 5 እንደተቀዳ "የበሰለ ወይን ነው!" የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አራታችን ደካማ ያልነውን ትተን እርጅናን እንፈልግለት ነበር። እሷም እንደ መጀመሪያው ምሽት አፍንጫዬ ነው ችግሩ ብላ ዝም ትል ነበር። የተበላሸ ወይን አድንቀን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር።

ይህ የጓደኛሞች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ዝነኛው የተሸፈነ ቅምሻ ላይም ሆኗል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ የወይን ነጋዴ ፓሪስ ውስጥ የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ወይኖችን አወዳደረ። ነጥባቸው የተቆጠረው የዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ነው። ከነጮቹ የካሊፎርኒያው ሻቶ ሞንተሊና፣ ከቀዮቹ ደግሞ የካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ ዋይን ሴላርስ፣ ሁለቱም የ1973 ምርት፣ አንደኛ ወጡ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ትኩረት የማይሰጠው ዳኞቹ እየቀመሱ ሲያወሩ መዋላቸው ነው። በቦታው የነበረው ብቸኛ ጋዜጠኛ ጆርጅ ቴበር ዝርዝሩን በእጁ ይዞ ይሰማቸው ነበር። አንዱ ዳኛ የካሊፎርኒያን ወይን ቀምሶ ወደ ፈረንሳይ ተመለስን አለ። ሌላው የቡርጎኝን ምርጥ ወይን ቀምሶ ሽታ የለውም፣ ካሊፎርኒያ ነው አለ። ስፐሪየርም የነጮቹን ውጤት ቀዮቹ ከመቀመሳቸው በፊት ተናገረ። ዳኞቹ ካሊፎርኒያ ማሸነፉን ሰምተው ነው ወደ ቀዮቹ የገቡት። የዚያ ቀን ውጤት ብዙ ነገር ቀይሯል፣ ያን ማንም አይክደውም። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች ወረቀታቸውን እስኪያስረክቡ ድረስ አንድም ቃል ባይተነፍሱ ኖሮ ነጥባቸው ምን ይመስል ነበር የሚለውን ነው። በቀዮቹ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን የለያቸው አንድ ነጥብ ተኩል ብቻ ነበር፤ 127.5 ለ126።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፋችሁ "ባለሙያዎች ቀይና ነጭ ወይን መለየት አልቻሉም" ብሎ የጠቀሰው ጥናት በትክክል አልተነገረም። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ጥናት ተማሪዎችን ነው ያሳተፈው። ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደረገ። ተማሪዎቹ ይህ ቀይ ነው ወይስ ነጭ ተብለው አልተጠየቁም። የተጠየቁት ሽታውን እንዲገልጹ ነው፣ እነሱም ለቀይ ወይን የሚባሉትን ቃላት ተጠቀሙ። ዓይናቸው ቃሉን መረጠላቸው። የእኛን ቃል የመረጠልን ጆሯችን ነው። ሁለቱ ለእኔ አንድ ነገር ናቸው፣ ለዚህም ነው ጥናቱ ሰውን ለማሳነስ ሲጠቀስ ቅር የሚለኝ።

ዝምታ ምሽቱን ያቀዘቅዘዋል የሚል ይኖራል። እኛም ፈርተን ነበር። ለአንድ ብርጭቆ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው። ሰዓት ይዘን አይደለም፣ እንደዚያ ነው የሚፈጀው። ሰው ጭንቅላቱን ደፍቶ ሲጽፍ፣ እስክሪብቶ ሲቧጨር ሲሰማ፣ አንዱ ተመልሶ እንደገና ሲያሸት፣ ያ ራሱ ደስ የሚል ነገር አለው። ወሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመጣ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው! በመጀመሪያው ምሽት ሁላችንም ስለተስማማን የምናወራው ነገር አልነበረም፣ "አዎ፣ አዎ" ብቻ። በሁለተኛው ምሽት "አንተ ጭስ ያልከው የቱ ጋ ነው? እስቲ አሳየኝ" እየተባባልን፣ የአንዱን ብርጭቆ ሌላው እያሸተተ፣ እኩለ ሌሊት አልፎን ነው የተነሳነው።

የማይስማሙ ወረቀቶች ሲገለጡ ጓደኛህን በአዲስ ዓይን ታየዋለህ። እኔ ከዚያች ጓደኛዬ ጋር ከአሥር ዓመት በላይ አብሬ ተቀምጫለሁ፣ እንዲህ ያለ አፍንጫ እንዳላት ግን አላውቅም ነበር። እንዴት ልወቅ፣ ሁልጊዜ ከእኛ በኋላ ነበር የምትናገረው።

ስለዚህ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጽሑፉን እንደገና የምታወጡት ከሆነ፣ ወይም በሚቀጥለው ዕትም ትንሽ ቦታ ካላችሁ፣ "እየቀመሳችሁ ተወያዩ" የሚለውን አንሡትና "ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ማንም አይናገር" በሉት። ከካልሲው ይልቅ ብርጭቆ ላይ ቁጥር ለጥፎ ሌላ ክፍል ውስጥ መቅዳት እንደሚሻልም ብትጨምሩ ደስ ይለኛል። ከተቻለ ደግሞ አንዱን ወይን በሁለት ቁጥር አስገቡት፣ ቀጂው ለማንም እንዳይናገር።

እኛ በሚቀጥለው ወር ሦስተኛውን ልናዘጋጅ ነው። በዚህኛው ነጭ ወይን ነው የምንቀምሰው። የምትቀዳው ያቺው ዝምተኛዋ ጓደኛችን ናት፣ ጠርሙሶቹንም ከማቅረቧ በፊት አንድ በአንድ እሷው ታሸታቸዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ